ትንሽ ዕጢ፣ ሰፊ ቀዶ ሕክምና፦ በማህፀን በር ካንሰር ላይ የተደረገው የሼፕ ሙከራ የጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት፣ የማህፀን ካንሰር ቀዶ ሐኪሞች ለረጅም ዘመን በልምድ ሲመልሱት የኖሩትን ጥያቄ በቁጥር መለሰ። ጥያቄው አጭር ነው፤ የማህፀን በር ካንሰር ገና ትንሽ ሳለ የተገኘባት ሴት ማህፀኗ ሲወጣ፣ በዙሪያው ያለው ደህና የሚመስል ሥጋ ምን ያህል አብሮ መቆረጥ አለበት? ጥናቱ ሼፕ በሚል ምህጻረ ቃል ይታወቃል። የካናዳ የካንሰር ሙከራዎች ቡድን ያስተባበረውና በኩቤክ የላቫል ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆኑት የማህፀን ካንሰር ሐኪም ማሪ ፕላንት የመሩት ይህ ሙከራ፣ በ12 አገሮች በሚገኙ 130 የሕክምና ማዕከላት ተካሂዶ 700 ሴቶች ተሳትፈውበታል።

ስለ ሼፕ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ጠባቡ ቀዶ ሕክምና ከሰፊው አያንስም። ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ማን ወደ ሙከራው እንደገባችና ማን በር ላይ እንደተመለሰች ሳይነገር ብቻውን ሲዞር አደገኛ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ሙከራውን እንደ አንድ ጉዳይ ወስጄ፣ ከምን ተነሥቶ ወደዚያ ጥያቄ እንደደረሰ፣ እንዴት እንደመለሰውና መልሱ እስከ የት ድረስ እንደሚያስኬድ እመረምራለሁ።

ቢላዋው የሚያልፍበት ቦታ

የማህፀን በር የማህፀን ታችኛውና ጠባቡ ጫፍ ሲሆን፣ ከሴት ብልት የላይኛው ክፍል ጋር ይገናኛል። ግራና ቀኙን ከዳሌ ግድግዳ ጋር የሚያያይዘው፣ ጅማት፣ ስብ፣ የደም ሥርና የሊምፍ ቧንቧ የያዘው ክፍል ፓራሜትሪየም ይባላል። ካንሰሩ ከማህፀን በር አልፎ ወደ ጎን ሲስፋፋ በመጀመሪያ የሚያገኘው ይህንኑ ክፍል ስለሆነ፣ ፓራሜትሪየምን አብሮ ማውጣት የሚለው ሐሳብ ከዚያ መነጨ። ሥር ነቀል የሚባለው የማህፀን ቀዶ ሕክምና ከተራው የሚለየውም በዚህ ነው፤ ማህፀኑን ከነበሩ ብቻ ሳይሆን ፓራሜትሪየሙን በከፊል ወይም በሙሉ፣ ወደ ኋላ የሚዘልቁትን ጅማቶችና የብልትን የላይኛ ክፍል ጭምር ይወስዳል። የሴት ዘር እጢዎች መውጣት ከዚህ የተለየ ውሳኔ ነው። ብዙ ሴቶች "ሥር ነቀል" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሁሉም ነገር የሚወጣ ይመስላቸዋል፤ ቃሉ የሚናገረው ግን በማህፀን በር ዙሪያ ስላለው ሥጋ ነው።

ችግሩ ይህ ሥጋ ባዶ ቦታ አለመሆኑ ነው። ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርደው ቱቦ፣ ማለትም ዩሬተር፣ ከማህፀን በር ጎን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ርቆ፣ በማህፀኑ የደም ቅዳ ሥር ሥር ፓራሜትሪየሙን ሰንጥቆ ያልፋል። ፓራሜትሪየሙን ለማውጣት የሚፈልግ ሐኪም ዩሬተሩን ከተኛበት ዋሻ ገልጦ ወደ ጎን ማሸሽ ግድ ይሆንበታል። ከዚህም በላይ ፊኛው ሲሞላ ሽንት እንዲይዝ፣ በሰዓቱም እንዲጨመቅና እንዲያወጣ የሚያዙት ነርቮች ከወገብና ከሳክረም አጥንት ተነሥተው በዚሁ ሥጋ ውስጥ መረብ ሠርተው ወደ ፊኛ፣ ወደ ትልቁ አንጀት መጨረሻና ወደ ብልት ይሄዳሉ። እነዚህ ነርቮች ቀጫጭን ስለሆኑ በቀላሉ ለዓይን አይለዩም። ቢላዋው ወደ ጎንና ወደ ጥልቀት በሄደ ቁጥር ከእነርሱ የሚቆረጠው ይበዛል። ስለዚህ "ምን ያህል ይቆረጥ" የሚለው ጥያቄ በሌላ አነጋገር "ፊኛው ምን ያህል ይጎዳ" ማለት ነው።

ከቪየና እስከ 1974

የሆድ ሥር ነቀሉ ቀዶ ሕክምና ስሙ የሚያያዘው ከኧርንስት ቨርትሃይም ጋር ነው። ቨርትሃይም እ.ኤ.አ. በ1898 በቪየና የመጀመሪያውን ሠርተው ከአሥር ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ የ500 ሴቶችን ታሪክ አሳተሙ። በዚያ ዘመን ደም መስጠት የተለመደ ሳይሆን፣ አንቲባዮቲክም ሳይታወቅ፣ ብዙ ሴቶች ከካንሰሩ በፊት በቀዶ ሕክምናው ይሞቱ ነበር። በጃፓን ኦካባያሺ እ.ኤ.አ. በ1921 ከቨርትሃይም ይበልጥ ሰፋ ያለ ዘዴ አሳተሙ። በአሜሪካ ደግሞ ጆ ሜግስ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የዳሌ ሊምፍ ኖዶችን (ካንሰር ሊዛመትባቸው የሚችሉ ትናንሽ እጢዎችን) ማውጣት ጨምረው ለጨረር ሕክምና ቦታውን ለቅቆ የነበረውን ቀዶ ሕክምና መልሰው አስፋፉት። በእነዚህ ዐሥርት ዓመታት ሁሉ የመስፋቱ ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ሴቶቹ የሚመጡት ዕጢው አድጎ፣ ብዙ ጊዜም ከማህፀን በር ሊያልፍ ተቃርቦ ስለነበር፣ የቀረ ካንሰር የሚገድል መሆኑ ለሁሉም የሚታይ እውነት ነበር።

የሚገርመው፣ ሐኪሞች "ሥር ነቀል" ሲሉ አንድ ዓይነት ነገር አለማለታቸው ነው። ፓይቨር፣ ራትሌጅና ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1974 ቀዶ ሕክምናውን በአምስት ክፍል ደለደሉት። አንደኛው ማህፀኑን ከነሽፋኑ ብቻ ያወጣል። ሁለተኛው የማህፀኑን ደም ቅዳ ዩሬተሩን በሚያቋርጥበት ቦታ ይቋጥርና የፓራሜትሪየሙን ወደ ውስጥ ያለውን ግማሽ ያነሣል። ሦስተኛው ደም ቅዳውን ከመነሻው ቋጥሮ እስከ ዳሌ ግድግዳ ድረስ ይወስዳል። አራተኛውና አምስተኛው ከዚያም ያልፋሉ። ኬርሉና ሞሮው እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት አዲስ ምደባ ደግሞ በፊደል ከኤ እስከ ዲ የሚሄድ ሲሆን፣ መለያው ፓራሜትሪየሙ ከዩሬተሩ አንጻር የት ላይ እንደሚቆረጥ ነው፤ በኤ ከዩሬተሩ ወዲህ፣ በቢ በዩሬተሩ ልክ፣ በሲ እስከ ዳሌው ትልቅ የደም ሥር ድረስ። በሲ ውስጥ ነርቮቹ ተለይተው የሚተርፉበት መንገድ ለብቻው ቁጥር ተሰጥቶታል። ይህ ድልድል ደረቅ ይመስላል፤ ያለ እርሱ ግን ሁለት ሆስፒታሎች ውጤታቸውን ሊያወዳድሩ አይችሉም፤ ከሁለቱ አንዱ የሚቆርጠው ሌላው ከሚቆርጠው ሁለት እጥፍ ሊሆን ይችላልና።

ከሼፕ በፊት የተዘረጋው መሠረት

የጥበትና የስፋት ጥያቄ በዕጣ ክፍፍል ለመጀመሪያ ጊዜ በቁም ነገር የተፈተነው በጣሊያን ነው። ላንዶኒና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1993 ባሉት ዓመታት 243 ሴቶችን መዝግበው ውጤቱን በ2001 አሳተሙ። ሁሉም የካንሰር ደረጃቸው አንድ ቢ (በማህፀን በር ላይ የተወሰነ) ወይም ሁለት ኤ (ወደ ብልት የላይኛ ክፍል የደረሰ) የነበረ ሲሆን፣ 125ቱ ሁለተኛውን ክፍል፣ 118ቱ ሦስተኛውን ክፍል ቀዶ ሕክምና እንዲያገኙ ዕጣ ወጣላቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት በጠባቡ ቡድን 81 በመቶ፣ በሰፊው ቡድን 77 በመቶ ነበሩ። ካንሰሩ ያገረሸባቸው በተከታታይ 24 እና 26 በመቶ ናቸው። የዘገየ የሽንት አካላት ችግር ግን በጠባቡ 13 በመቶ ሲሆን በሰፊው 28 በመቶ ሆነ። ሰፊው ከእጥፍ በላይ ጎዳ፣ አንዳችም ዕድሜ አልጨመረም።

ይህ ውጤት በግልጽ ቢነገርም፣ ላነሣው የምፈልገው አንድ ዝርዝር አለ። በሁለቱም ቡድን ከግማሽ በላይ የሆኑት ሴቶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የጨረር ሕክምና ተጨምሮላቸዋል። ዳሌው በጨረር ሲታከም ጠባቡ ቀዶ ሕክምና ሊያስቀር የሚችለውን የካንሰር ፍርፋሪ ጨረሩ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ የላንዶኒ ሙከራ ሁለቱ እኩል ናቸው ሲል፣ "ጨረር ሲታከልባቸው እኩል ናቸው" ከማለት ጋር ምን ያህል እንደሚለያይ ለመናገር አስቸጋሪ ነው። ሼፕ በተቃራኒው ጨረር ብዙም የማያስፈልጋቸውን ሴቶች መረጠ፤ በኋላ እንደምናየው ዋና ጥንካሬው ይህ ነው።

ሌላው መሠረት ከፓቶሎጂ ክፍል፣ ማለትም የወጣው ሥጋ በአጉሊ መነጽር ከሚመረመርበት ቦታ፣ መጣ። ኮቨንስና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባሳተሙት ጥናት ሥር ነቀል ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 842 ሴቶች መረመሩ፤ በፓራሜትሪየማቸው ካንሰር የተገኘባቸው 4 በመቶ ነበሩ። ዕጢያቸው ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ወደ ውስጥ የገባው ከ10 ሚሊ ሜትር ያልዘለለና በዳሌ ሊምፍ ኖዶቻቸው ካንሰር ያልተገኘባቸው ብቻ ሲቆጠሩ ግን 0.6 በመቶ ሆነ። ይህ ማለት ከእነዚህ ሴቶች ከ160 በላይ በሚሆኑት ላይ ፓራሜትሪየም ተቆርጦ ካንሰር የሚገኝበት በአንዷ ብቻ ነው። ሌሎች ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር አሳዩ። ቀስ በቀስ ጥያቄው ከሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ንጽጽር ወጥቶ ወደ ድፍረቱ ወረደ፤ ፓራሜትሪየሙን ጨርሶ መተው ይቻላል ወይ?

ሙከራው እንዴት ተዋቀረ

ሼፕ ከታኅሣሥ 2012 እስከ ኅዳር 2019 ሴቶችን መዘገበ፤ ቀኖቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ለመግባት የተቀመጡት መስፈርቶች የኮቨንስን ግኝት ይከተላሉ። ዕጢው ከ2 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ወደ ማህፀን በሩ ግድግዳ የገባው ጥልቀት፣ ሾጣጣ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ተወስዶ ከተለካ ከ10 ሚሊ ሜትር፣ በኤምአርአይ ከታየ ደግሞ ከግድግዳው ውፍረት ግማሽ ማነስ አለበት። ደረጃው አንድ ኤ ሁለት ወይም አንድ ቢ አንድ (ሁለቱም በማህፀን በር ላይ የተወሰኑ የመጀመሪያ ደረጃዎች ናቸው) ሆኖ፣ ዓይነቱ ስኳመስ (ከሽፋን ሕዋሳት የሚነሣ)፣ አዴኖካርሲኖማ (ከእጢ ሕዋሳት የሚነሣ) ወይም የሁለቱ ድብልቅ መሆን አለበት። ከ700ዎቹ መካከል 91.7 በመቶ አንድ ቢ አንድ፣ 61.7 በመቶ የስኳመስ ካንሰር ነበራቸው።

350ዎቹ ጠባቡን፣ 350ዎቹ ሥር ነቀሉን እንዲያገኙ ዕጣ ወጣ። በእንግሊዝኛ ጠባቡ "ሲምፕል" ስለሚባል በአማርኛ "ቀላል" ተብሎ ሲተረጎም እሰማለሁ፤ ትርጉሙ ይጎረብጠኛል። ሴትየዋ አሁንም በማደንዘዣ ተኝታ ማህፀኗ ይወጣል፣ የዳሌ ሊምፍ ኖዶቿም በሁለቱም ቡድን ተወስደው ይመረመራሉ። የተጠበበው በማህፀን በር ዙሪያ ያለው መቁረጫ መስመር ብቻ ስለሆነ ከዚህ በኋላ "ጠባቡ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

ስታቲስቲክሱም የራሱ አመክንዮ አለው። ጠባቡ ከሰፊው "ይሻላል" የሚል ተስፋ በካንሰሩ በኩል አልነበረም፤ ጥያቄው "በጣም አያንስም ወይ" የሚል ነበር። ስለዚህ አዘጋጆቹ አስቀድመው ወሰን አስቀመጡ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ በዳሌ የሚያገረሸው ካንሰር በጠባቡ ቡድን ከሰፊው ቡድን በ4 መቶኛ ነጥብ ካልበለጠ "አያንስም" ይባላል። እዚህ ላይ አንባቢ ማስተዋል ያለበት፣ ይህ 4 ነጥብ በሰዎች የተመረጠ ወሰን እንጂ በተፈጥሮ የተሰጠ አለመሆኑን ነው። ሌላ ቡድን ቢሆን 2 ወይም 3 ሊመርጥ ይችል ነበር።

የተገኘው

አማካይ የክትትል ጊዜ 4.5 ዓመት ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ በዳሌያቸው ያገረሸባቸው ሴቶች በሰፊው ቡድን 2.17 በመቶ፣ በጠባቡ ቡድን 2.52 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ 0.35 መቶኛ ነጥብ ሲሆን፣ ሊደርስበት የሚችለው የላይኛው ጫፍ 2.32 ነው፤ ከ4 በታች ስለሆነ መስፈርቱ ተሟላ። በክትትሉ ጊዜ ሁሉ በዳሌ ያገረሸው በጠባቡ በ11፣ በሰፊው በ10 ሴቶች ነው። በሦስት ዓመት በሕይወት የነበሩት ደግሞ በጠባቡ 99.1፣ በሰፊው 99.4 በመቶ ናቸው።

የፊኛው ሒሳብ ግን እንዲህ አይቀራረብም። ቀዶ ሕክምናው አራት ሳምንት ካለፈው በኋላ ሽንት የማምለጥ ችግር የነበረባቸው በጠባቡ 4.7 በመቶ፣ በሰፊው 11.0 በመቶ ነበሩ። ፊኛው ሞልቶ ሽንት አልወጣ ያላቸው በጠባቡ 0.6 በመቶ፣ በሰፊው 9.9 በመቶ ሆኑ። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታትም ሥዕሉ ያው ነው፤ ሽንት አልወጣ ማለት 0.6 ለ11.0። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለጥቂት ቀናት የሽንት ቱቦ ይዞ መቆየት የሚጠበቅ ነገር ነው። ከአራት ሳምንት በኋላም ፊኛዋ የማይታዘዛት ሴት ግን ሥራዋን፣ እንቅልፏንና ከሰው ጋር መቀመጧን የሚነካ ኑሮ ውስጥ ትገባለች። በጾታዊ ሕይወት ላይ በተደረጉት መጠይቆችም ጠባቡ የተደረገላቸው ሴቶች ለተወሰነ ጊዜ የተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኝተዋል።

እነዚህን ሁለት ዓምዶች አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ የምመርጠው በሰው ቁጥር ነው። ከ11 ገደማ ሴቶች ሰፊው ቀርቶ ጠባቡ ቢደረግላቸው፣ አንዷ ከዘገየ የሽንት መታገድ ትድናለች። ከ16 ገደማ ሴቶች ደግሞ አንዷ ሽንት ከማምለጥ ትድናለች። በሌላው ወገን፣ የ0.35 ነጥቡ ልዩነት እውነተኛ ነው ብንል እንኳ፣ ጠባቡ ምክንያት ሆኖ በዳሌዋ ካንሰር የሚያገረሽባት ከ285 ገደማ ሴቶች አንዷ ብቻ ናት። የላይኛውን ጫፍ፣ ማለትም 2.32ን፣ ብንወስድ ግን ከ43 ሴቶች አንዷ ትሆናለች። ሙከራው ይህን የመጨረሻ ግምት አላስወገደም፤ ወሰኑን ያላለፈ ሆኖ ተወው። "እኩል ናቸው" እና "አያንስም" መካከል ያለው ርቀት ይኸው ነው፤ ሐኪም ለታካሚ ሲያስረዳ ሁለቱን ቢያደባልቅ የታካሚዋን የመምረጥ መብት ይነካል።

ከውጤቶቹ ሁሉ ይበልጥ የማረከኝ ግን ከፓቶሎጂ ሰንጠረዥ ውስጥ የተገኘ አንድ መስመር ነው። በሰፊው ቡድን ውስጥ በተቆረጠው ፓራሜትሪየም ላይ ካንሰር የተገኘባቸው ሴቶች 1.7 በመቶ ነበሩ። ዕጣው ሁለቱን ቡድኖች የሚያመሳስል ስለሆነ፣ በጠባቡ ቡድን ውስጥም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ያላቸው ሴቶች ሳይቆረጥ በቀረው ሥጋ ውስጥ ካንሰር ነበራቸው ብሎ መገመት ይቻላል። ከመቶ ወደ ሁለት የሚጠጉ ሴቶች ማለት ነው። የሁለቱ ቡድኖች የማገርሸት ልዩነት ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ሆነ። ምክንያቱን ሙከራው አልፈተሸም። ከእነዚህ ሴቶች አንዳንዶቹ ሌላ የሚያሳስብ ምልክት ስለነበራቸው በኋላ ጨረር ወይም ኬሞቴራፒ አግኝተው ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ የካንሰር ፍርፋሪም የማደግ ዕድል ላያገኝ ይችላል። በማንኛውም መንገድ፣ በአጉሊ መነጽር የታየ ካንሰር ሁሉ በሕይወት ውስጥ ተመልሶ የሚመጣ ካንሰር አይደለም፤ "ሰፋ ማድረግ ይሻላል" የሚለው ጥንታዊ አመክንዮ የቆመው ደግሞ ሁለቱ አንድ ናቸው በሚል ግምት ላይ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ተጨማሪ ሕክምና ያስፈለጋቸው በጠባቡ 9.2፣ በሰፊው 8.4 በመቶ ናቸው። ከላንዶኒ ሙከራ ግማሽ በላይ ጋር ይነጻጸር። የሼፕ ንጽጽር የጠራ የሆነው ጨረሩ ሁለቱን ቡድኖች ስላልሸፈናቸው ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ብቻውን ከዘጠና በመቶ በላይ ለሚሆኑት ሴቶች የመጨረሻ መልስ ሆኗል።

የሚያሳስቡ ነገሮች

ሙከራውን የሚያደንቅ ሰው ሊሸሸው የማይገባ ሌላ መስመር አለ። በሁለቱም ቡድን እስከ ትንተናው ድረስ ሰባት ሰባት ሴቶች ሞተዋል፤ ከነዚህም በማህፀን በር ካንሰር የሞቱት በጠባቡ 4፣ በሰፊው 1 ናቸው። ከዳሌ ውጭ ያገረሸ ካንሰር ሳይገጥማቸው ሦስት ዓመት የሞሉትም በጠባቡ 98.1፣ በሰፊው 99.7 በመቶ ሆነዋል። ቁጥሮቹ እጅግ ትንሽ ስለሆኑ በአጋጣሚ ሊመጡ ይችላሉ፤ ከዳሌ ውጭ የሚያገረሽ ካንሰርም ፓራሜትሪየምን በመቁረጥ ይከለከላል ብሎ ማመን ያስቸግራል፣ ከቢላዋው አስቀድሞ የሄደ ስለሆነ። ቢሆንም አቅጣጫቸው አንድ ወገን ስለሚያደላ፣ ከ4.5 ዓመት የረዘመ ክትትል ሲታተም በመጀመሪያ የምመለከተው ይህንኑ ይሆናል።

ሁለተኛው ስጋት የቀዶ ሕክምናው መንገድ ነው። በሼፕ በሁለቱም ቡድን አብዛኛው የተሠራው በላፓሮስኮፕ ወይም በሮቦት ሲሆን፣ ሆድ ተከፍቶ የተሠራው በጠባቡ 16.9፣ በሰፊው 28.8 በመቶ ነበር። ምዝገባው ገና ሳያልቅ እ.ኤ.አ. በ2018 ላክ በተባለ ሌላ ሙከራ ላይ፣ ሥር ነቀል ቀዶ ሕክምና በትናንሽ ቀዳዳ ሲሠራ ሆድ ተከፍቶ ከሚሠራው የከፋ ውጤት እንዳለው ታወቀ። በላክ ከ4.5 ዓመት በኋላ ካንሰር ሳያገረሽባቸው የኖሩት በክፍቱ 96.5፣ በትናንሽ ቀዳዳው 86.0 በመቶ ነበሩ። ምክንያቱ ምናልባት ማህፀኑን ለማንቀሳቀስ የሚገባው መሣሪያ፣ ሆዱን የሚነፋው ጋዝ ወይም ብልቱ ሲከፈት ዕጢው ሆድ ውስጥ መጋለጡ ነው ተብሎ ይገመታል። የላክ ሴቶች ውስጥ ግን ከ2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ዕጢ ያላቸው ብዙ ነበሩ። ሼፕ ስለ ስፋት የመለሰውን መልስ ስለ መንገድ እንደመለሰው አድርጎ ማንበብ አይገባም፤ ሁለቱ በአንድ ሙከራ ውስጥ ተደባልቀው ቢገኙም ዕጣ የወጣው ለስፋቱ ብቻ ነው።

ሦስተኛውና ለዕለት ተዕለት ሥራ ከሁሉም የሚከብደው መለካት ነው። ሼፕ የሚሠራው ዕጢው 2 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ መሆኑ፣ ጥልቀቱም ውስን መሆኑ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በእርግጠኝነት ከታወቀ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ በጣት ምርመራ ብቻ አይገኝም። ወይ ሾጣጣው ቁራጭ በደንብ ተወስዶ፣ ዙሪያው በቀለም ተለይቶ፣ ልምድ ያለው ፓቶሎጂስት ሊለካው ይገባል፤ ወይ ኤምአርአይ ተነሥቶ የዳሌ ምስል ማንበብ የሚያውቅ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከዚህ አንዱ በሌለበት "ትንሽ ይመስላል" ተብሎ ጠባቡ ቢደረግ፣ የሚሠራው ሼፕ ያጠናው ቀዶ ሕክምና አይሆንም። በአጋጣሚ ለሌላ ሕመም ማህፀኗ ወጥቶ በኋላ ካንሰር የተገኘባት ሴት ታሪክም ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሷ አስቀድሞ አልተለካችም፣ ሊምፍ ኖዷም አልተመረመረም፤ የሼፕን ቁጥር ለእርሷ መጥቀስ ስሕተት ነው።

በሩ ውጭ የቀሩት

የካንሰር ደረጃ ምደባ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታደስ፣ ቀድሞ አንድ ቢ አንድ ተብሎ እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይዘልቅ የነበረው ክፍል ለሁለት ተከፈለ፤ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች አንድ ቢ አንድ፣ ከ2 እስከ 4 ያለው አንድ ቢ ሁለት ሆነ። ይህ ለውጥ የሼፕን መግለጫ የሚያነብ ሰው እንዲጠነቀቅ ያስገድዳል፤ የሙከራው "አንድ ቢ አንድ" በድሮው ምደባ የተጻፈ ሲሆን፣ ከድሮው ክፍል የወሰደው ታናሹን ግማሽ ብቻ ነው። አንዲት ሴት የ3 ሴንቲ ሜትር ዕጢ ይዛ በድሮው ምደባ አንድ ቢ አንድ ተብላ ብትጻፍና ሐኪሙ ደረጃውን ብቻ አይቶ ጠባቡን ቢመርጥ፣ ከሙከራው ውጭ ያለችን ሴት በሙከራው ስም እያከመ ነው።

ለእርሷ የሚመለከተው ማስረጃ አሁንም ከላንዶኒ የተገኘው ነው፤ ስፋቱ በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል መካከል ሲመዘን ሁለተኛው ያነሰ ጉዳት ይዞ ያው ውጤት ሰጠ። ፓራሜትሪየሙን በዩሬተሩ ልክ መቁረጥ፣ ነርቮቹ ሊተርፉ በሚችሉበት ቦታ ሁሉ ለይቶ ማትረፍና ሊምፍ ኖዶቹ ካንሰር ካለባቸው ቀዶ ሕክምናውን ከማስፋት ይልቅ ወደ ጨረርና ኬሞቴራፒ መዞር፤ ለ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትሩ ክፍል የሚቀርበው ምክንያታዊ ምርጫ ይህ ነው። እዚያም ቢሆን ውሳኔው የሚጀምረው ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ቀዶ ሕክምናና ጨረር በአንዲት ሴት ላይ ሲደራረቡ ጉዳታቸውም ስለሚደራረብ፣ ጨረር እንደማይቀርላት አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ማህፀኗን በሰፊው መቁረጥ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ይሆናል።

ጠባቡ ለሚገባት ሴት ደግሞ ከሼፕ ወዲያ የተነሣ ሌላ ጥያቄ አለ። በሁለቱም ቡድን ማህፀኑ ይወጣል፤ ልጅ መውለድ የምትፈልግ ሴት በዚህ ሙከራ ውስጥ የምታገኘው ነገር የለም። ዝቅተኛ አደጋ ባላቸው 100 ሴቶች ላይ የተደረገው ኮንሰርቭ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም፣ ከሴቶቹ ከፊሎቹ ሾጣጣው ቁራጭ ብቻ ተወስዶላቸው ማህፀናቸው ተርፎ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ያገረሸው በጥቅሉ 3.5 በመቶ ሆነ። ጥናቱ ዕጣ የሌለበትና ትንሽ ስለሆነ በሼፕ ልክ ሊመዘን አይችልም። ነገር ግን ጥያቄውን ቀይሮታል፤ ፓራሜትሪየሙ ሊቀር ከቻለ፣ ከማህፀኑ ምን ያህሉ ሊቀር እንደሚችል አሁን እየተጠየቀ ነው።